የእርሳሱ ቤንዚን ሲወጣ፦ ለፒስተን አውሮፕላንዎ የትኛው ነዳጅ ይሻላል?

የሞተርዎን የኮምፕሬሽን ልክ (ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን ስንት እጥፍ እንደሚያምቅ) ሳያውቁ የነዳጅ ዋጋ ማወዳደር አይጀምሩ። በአሜሪካ ትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች እርሳስ ካለበት ሰማያዊ የአቪዬሽን ቤንዚን፣ ከ100ኤልኤል ጎን፣ እርሳስ የሌላቸው ቤንዚኖች መሸጥ ጀምረዋል። ሁሉም «ያለ እርሳስ» ይባሉ እንጂ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። አንዱ ኦክቴኑ (ሳይለኮስ በራሱ እንዳይፈነዳ የሚቋቋምበት ልክ) ያንሳል፣ ሌላው ኦክቴኑ ሞልቶ የታንክ ማሸጊያ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፣ ሦስተኛው የተፈቀደው ለጥቂት አውሮፕላኖች ብቻ ነው። እርስ በርስ መቀላቀል የሌለባቸውም አሉ።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ያህል ጊዜ አለ?

በ100ኤልኤል ስም ውስጥ ያሉት ሁለት «ኤል»ዎች «አነስተኛ እርሳስ» ማለት ናቸው፤ አነስተኛ የተባለው ግን ከቀድሞዎቹ የአቪዬሽን ቤንዚኖች አንጻር ነው። ኤኤስቲኤም የተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት ባወጣው ዲ910 መስፈርት በአንድ ሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይፈቀዳል። በሰዓት 34 ሊትር ገደማ በሚያቃጥል ሴስና 172 ውስጥ በአንድ ሰዓት በረራ እስከ 19 ግራም እርሳስ ያልፋል ማለት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው በአገሪቱ አየር ውስጥ ከሚለቀቀው እርሳስ 70 በመቶ የሚጠጋው ከፒስተን አውሮፕላኖች ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ ኤጀንሲውም በኦክቶበር 2023 ይህ ልቀት የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ እንደሚጥል በይፋ ወስኗል። በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ ካውንቲ ግን ይህን ውሳኔ አልጠበቀም፤ ሰፈር መሃል ባለው በሪድ ሂልቪው እና በሳን ማርቲን ማረፊያዎች የ100ኤልኤልን ሽያጭ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ አቁሟል።

ለባለቤቱ ወሳኝ የሆኑት ቀኖች እነዚህ ናቸው። በ2024 የወጣው የአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ በ2022 100ኤልኤል ይሸጡ የነበሩ ማረፊያዎች እስከ 2030 መጨረሻ ሽያጩን እንዳያቋርጡ ያስገድዳል። ከዚያ በፊት ማቆም የሚችሉት ለሁሉም ለማለት ይቻላል ለፒስተን አውሮፕላኖች የተፈቀደና መስፈርት ያሟላ እርሳስ አልባ ነዳጅ ሲያቀርቡ ነው። ለአላስካ ጊዜው እስከ 2032 ተራዝሟል። ካሊፎርኒያ በራሷ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2031 ጀምሮ እርሳስ ያለበትን የአቪዬሽን ቤንዚን መሸጥ ከልክላለች። በአውሮፓ ኅብረት ቴትራኤቲል ሌድ የተባለውን የእርሳስ ውህድ ከሜይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። የአቅርቦቱ ሰንሰለትም ቀጭን ነው፤ ምዕራቡ ዓለም ይህን ውህድ የሚያገኘው እንግሊዝ ኤልስሚር ፖርት ካለው ከኢኖስፔክ ፋብሪካ ብቻ ነው። እዚያ አንድ ነገር ቢደርስ የሕጉ የጊዜ ገደብ ትርጉም አይኖረውም።

ስለዚህ ሞተሩ ለእድሳት 1,000 ሰዓት የቀረው፣ በዓመትም 100 ሰዓት የሚበር ሰው እድሳቱ የሚደርሰው 100ኤልኤል ከገበያ ከወጣ በኋላ ነው። ምርጫውን ከአሁኑ ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን ይለዩ

እርሳሱ የሚጨመረው ሞተሩ እንዳያንኳኳ ነው። የታመቀው ቤንዚን ካንዴላው ከለኮሰው ነበልባል ቀድሞ በራሱ ሲፈነዳ ፒስተኑ በመዶሻ እንደተመታ ይሆናል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊበሳም ይችላል። በመኪና ውስጥ ድምፁ ይሰማል። በአውሮፕላን ግን የፕሮፔለሩ ጩኸት ስለሚውጠው አብራሪው የሚያውቀው የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሙቀት በድንገት ሲተኮስ ወይም ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ ነው።

የሞተሩን የስም ሰሌዳ ያንብቡና ሙሉውን ኮድ ይጻፉ። አንድ ፊደል ብዙ ይለውጣል። ላይኮሚንግ ኦ-320-ኢ2ዲ ኮምፕሬሽኑ 7 ለ 1 ሲሆን የተሠራውም ለድሮው ባለ 80 ኦክቴን ቤንዚን ነው፤ ኦ-320-ኤች2ኤዲ ግን 9 ለ 1 ነውና 100 ይፈልጋል። ኮንቲነንታል ኦ-470-አር 7 ለ 1፣ ኦ-470-ዩ ደግሞ 8.6 ለ 1 ነው። ለላይኮሚንግ ሞተሮች መልሱ ያለው ሰርቪስ ኢንስትራክሽን 1070 ላይ ነው፤ የተፈቀዱትን ነዳጆች በሞተር ኮድ ይዘረዝራል። የመጨረሻውን እትም ይዩ።

ተርቦ ያላቸውን በኮምፕሬሽን ቁጥር ብቻ አይፍረዱ። ቲአይኦ-540-ጄ2ቢዲ 7.3 ለ 1 ብቻ ነው፤ ነገር ግን ተርቦው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባለት 350 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ያለ ሙሉ 100 ኦክቴን ደግሞ አይኖርም።

በቁጥር ከታየ አብዛኛው አውሮፕላን ዝቅ ባለ ኦክቴን መኖር ይችላል። ችግሩ ከፍተኛ ኦክቴን የሚፈልገው 30 በመቶ ገደማ የሚሆነው ክፍል ብዙ የሚበረው መሆኑ ነው፤ ከሚሸጠው ቤንዚን 70 በመቶ የሚያህለውን የሚጠጣው እሱ ነው። አንድ አነስተኛ ማረፊያ ሁለተኛ ታንክ ተክሎ ሁለት ዓይነት ነዳጅ መሸጥ የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዩኤል94 እና ዩኤል91፦ ለዝቅተኛ ኮምፕሬሽን

ዩኤል94 ኢንዲያና ያለው ስዊፍት ፊውልስ የሚያመርተው ነው፤ የኤኤስቲኤም ዲ7547 መስፈርት አለው። በአውሮፓ ተመሳሳይ ቦታ የያዘው ዩኤል91 ሲሆን፣ ስዊድን ውስጥም ህዬልምኮ 91/96 ዩኤል የተባለውን ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ቆይቷል። በመሠረቱ ዩኤል94 ከ100ኤልኤል እርሳሱ የወጣለት ነው ማለት ይቻላል፤ ለታንኩ፣ ለጎማ ቱቦዎቹና ለቀለሙ እንግዳ የሚሆን ነገር የለበትም። ከ100ኤልኤል ጋር በማንኛውም መጠን ይቀላቀላል። የስዊፍት ኤስቲሲ (ተጨማሪ የዓይነት ሰርተፍኬት፣ ማለትም በአውሮፕላኑ ላይ ለሚደረግ ለውጥ የጸደቀ ሰነድ) 100 ዶላር ነው፤ አንድ ጊዜ ይከፈላል።

ጥቅሙ ካንዴላ ላይ ይታያል። ከእርሳሱ የተነሳ በካንዴላው ታች እንደ ጠጠር የሚጋገረውና ሞተሩን የሚያንተፋትፈው ነገር ይጠፋል፤ ዘይቱም ግራጫ ዝቃጭ አይዝም።

የሚጎዳው ደግሞ ቫልቭ ላይ ነው። የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ በ2023 አጋማሽ ላይ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖቹን ወደ ዩኤል94 አዛወረ፤ በኦክቶበር አካባቢ ወደ 100ኤልኤል መለሳቸው። በጭስ ማውጫ ቫልቮች ላይ ያልተለመደ የመቀመጫ መበላት ስለታየ ነው። እርሳስ ሲቃጠል በቫልቩና በመቀመጫው መካከል ስስ ንጣፍ እየተወ ብረትን ከብረት ይለያል፤ ያ ሲጠፋ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ላይኮሚንግ ጉዳዩን ካጠና በኋላ የነዳጁ አሮማቲክ (ኦክቴን ከፍ የሚያደርጉ የቤንዚን ውህዶች) ይዘት ማነስ ድርሻ እንዳለው ገልጿል፤ ዩኤል94 አሮማቲኩ እጅግ ጥቂት ነው። በአንጻሩ ብዙ የግል ባለቤቶች በዩኤል94 ያለ ችግር ይበራሉ። በቀን ብዙ ሰዓት፣ በከፍተኛ ጉልበት የሚሠራ የትምህርት ቤት አውሮፕላን እና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነሳ የግል አውሮፕላን ሞተራቸው አንድ ቢሆንም ድካማቸው አንድ አይደለም።

ወደ ዩኤል94 የሚሄድ ሰው ከመጀመሪያው ታንክ በፊት መነሻ ልክ መያዝ አለበት። በላይኮሚንግ ሞተር የሚለካው «ደረቅ የታፔት ክፍተት» ነው። ሃይድሮሊክ ታፔቱ (ቫልቩን የሚገፋው ባለ ዘይት ክፍል) ዘይቱ ተጨምቆ ወጥቶ፣ በሮከሩ (ቫልቩን በሚጫነው ክንድ) እና በቫልቩ ጫፍ መካከል የሚለካው ክፍተት ማለት ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ0.71 እስከ 2.03 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ቫልቩ በሰመጠ ቁጥር የቫልቩ ጫፍ ወደ ሮከሩ ይገፋል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ጨርሶ ሲጠፋ ቫልቩ አይዘጋም፤ ያኔ ይቃጠላል። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቁጥር ይጻፉ፣ ከ50 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ። አንዱ ሲሊንደር ብቻውን በፍጥነት ከጠበበ ወደ 100ኤልኤል ይመለሱና መካኒክዎን ያማክሩ። የኮምፕሬሽን መለኪያ ብቻውን አይበቃም፤ እሱ ችግሩን የሚያሳየው ቫልቩ መዝጋት ካቆመ በኋላ ነው።

ሌላው አደጋ ቀለም ነው። ዩኤል94 ውኃ የመሰለ ንጹሕ ነው፤ የጄት ነዳጅም እንዲሁ። 100ኤልኤል ሰማያዊ ስለሆነ ዓይን ወዲያው ይለየዋል፣ እዚህ ግን ዓይን አይረዳም። ናሙና ቀድተው ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉ። ቤንዚን በንኖ ይጠፋል፤ የጄት ነዳጅ ከነጭ ጋዝ ወገን ስለሆነ ቅባት ያለው ክብ ምልክት ይተዋል።

የመኪና ቤንዚን

ርካሹ መንገድ ይህ ነው፤ ብዙ ወጥመድ ያለውም እሱ ነው። በአሜሪካ ከ1982 ጀምሮ ኢኤኤ በተባለው የአብራሪዎች ማኅበር፣ ኋላም በፒተርሰን ኩባንያ ኤስቲሲዎች ለብዙ ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን ሞተሮች ተፈቅዷል። ለቀላል አውሮፕላኖች የሚሆነው ሮታክስ 912 ሞተር ደግሞ ከመጀመሪያውም የተሠራው ለመኪና ቤንዚን ነው፤ ባለ 80 ፈረስ ጉልበቱ 90፣ ባለ 100ው 95 የሪሰርች ኦክቴን ይበቃዋል። ሮታክስ የሚበር ሰው 100ኤልኤልን የሚያቃጥለው ሌላ ሲያጣ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ከበረራው ከ30 በመቶ በላይ በእርሳስ ቤንዚን ከሆነ ዘይቱን በ100 ፈንታ በየ50 ሰዓቱ መቀየር ግድ ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ቁጥሩ ነው። በአሜሪካ ማደያ ላይ የሚጻፈው 91 የሁለት ዓይነት ኦክቴን፣ የሪሰርችና የሞተር፣ አማካይ ነው፤ በአቪዬሽን የሚቆጠረው ግን የሞተር ኦክቴን ብቻ ስለሆነ ያው ቤንዚን 87 እንኳ ላይደርስ ይችላል። «91 ነው፣ ዩኤል91ን ይተካል» ብሎ የሚሞላ ሰው ሞተሩን ያጣል።

ሁለተኛው ኢታኖል ነው። የኢኤኤም የፒተርሰንም ኤስቲሲዎች አልኮል ያለበትን ቤንዚን ይከለክላሉ፤ የቆየ ጎማና ማሸጊያ ይበላል፣ ውኃም ይስባል። ሮታክስ እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳል፤ የአውሮፕላኑ አምራችም መፍቀድ አለበት። ፍተሻው ቀላል ነው። ባለ መስመር የመስታወት ቱቦ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ያድርጉ፣ በቤንዚን እስከ 100 ይሙሉት፣ ከድነው ይነቅንቁት፣ 10 ደቂቃ ያስቀምጡት። የውኃው መስመር 10 ላይ ከቆየ አልኮል የለም። ከፍ ካለ አልኮሉ ወደ ውኃው ወርዷል ማለት ነው፤ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን መስመሩን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ የስኳር ፋብሪካ ኢታኖል በ5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በ10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ነበርና እዚያ ቀላል አውሮፕላን የሚያንቀሳቅስ ሰው በእያንዳንዱ አዲስ በርሜል ይህን ፍተሻ ማድረግ አለበት።

ሦስተኛው የእንፋሎት መዝጋት ነው። የአቪዬሽን ቤንዚን የእንፋሎት ግፊት ከ38 እስከ 49 ኪሎፓስካል ተወስኖ ይመረታል። የመኪናው እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ለብርድ ወራት የተዘጋጀው ከዚህ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ሞቃትና ከፍተኛ ቦታ ላይ ቱቦው ውስጥ ይፈላና ፓምፑ ቤንዚን ሳይሆን እንፋሎት ይስባል። አዲስ አበባን በመሰለ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ያን ያህል አያንኳኳም፤ ያው ስስ አየር ግን ቤንዚኑን ቶሎ ያፈላዋል። በብርድ የተገዛ የመኪና ቤንዚን ለሙቀት ወራት አያስተርፉ።

ጂ100ዩኤል እና 100አር፦ ለከፍተኛ ኮምፕሬሽን

እውነተኛው ክርክር እዚህ ነው።

ጂ100ዩኤል ኦክላሆማ አዳ ከተማ ያለው ጋሚ የተባለ ኩባንያ ያዘጋጀው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በሴፕቴምበር 2022 በሰርተፍኬቱ መዝገብ ላሉት የእሳት ብልጭታ ሞተሮችና ለተገጠሙባቸው አውሮፕላኖች በሙሉ በኤስቲሲ ፈቀደው። ለሄሊኮፕተር ፈቃዱ የመጣው ዘግይቶ ነው። ኦክቴኑ የተሟላ ነው፤ ለተርቦም ለ8.7 ለ 1ም ይበቃል። ከ100ኤልኤል ጋር በማንኛውም መጠን ይቀላቀላል። ክብደቱ ግን ይበልጣል፤ አንድ ጋሎን 100ኤልኤል 6 ፓውንድ ሲመዝን ይህ 6.3 ገደማ ነው። 53 ጋሎን በሚይዝ ሴስና 172ኤስ ላይ 16 ፓውንድ ጭማሪ ይሆናል፤ የክብደት ስሌትዎን ያስተካክሉ። ጉልበቱም በጋሎን ትንሽ ይበልጣልና ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ኪሳራ አይደለም።

ችግሩ ኦክቴኑን ለማምጣት የተጨመሩት አሮማቲኮች ናቸው። በካሊፎርኒያ ሪድ ሂልቪውና ዋትሰንቪል መሸጥ ከጀመረ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ነዳጁ በፈሰሰበት ቀለም መላጡን፣ የክንፍ ታንክ ማሸጊያ መለስለሱን ባለቤቶች ተናግረዋል። ጋሚ ጉዳቱ ቀድሞ ያረጀ ማሸጊያና ቀለም ነው ይላል። የአውሮፕላን አምራቹ ሲረስ በ2024 ለኤስአር ተከታታይ አውሮፕላኖቹ ነዳጁን እንደማይቀበልና የሞተር ዋስትናም ሊነካ እንደሚችል አሳውቋል። ነዳጁ የኤኤስቲኤም መስፈርት የለውም፤ ብዙ ነዳጅ አከፋፋዮችና የሞተር አምራቾች የሚጠይቁት ደግሞ ይህንኑ ነው።

100አር የስዊፍት ነው። በሴፕቴምበር 2024 ፈቃድ ያገኘው ለሴስና 172 አር እና ኤስ ብቻ፣ ከአይኦ-360-ኤል2ኤ ሞተር ጋር ነው። ስዊፍት የመረጠው መንገድ አውሮፕላን በአውሮፕላን እየፈተኑ ማስፋት፣ ጎን ለጎንም የኤኤስቲኤም መስፈርት ማግኘት ነው፤ መስፈርቱን በ2025 አግኝቷል። ዘገምተኛ መንገድ ነው፤ ነገር ግን አምራቾችን ይዞ የሚሄድ ነው። ሦስተኛው ተወዳዳሪ የላየንደልባዝልና የቪፒ ሬሲንግ ዩኤል100ኢ በመንግሥት የፍተሻ ፕሮግራም ውስጥ እያለፈ ነው።

ከሁለቱ ለመምረጥ አውሮፕላንዎ 172ኤስ ከሆነ 100አር የተሻለ ወረቀት አለው። ቦናንዛ ወይም ተርቦ ያለው ናቫሆ ከሆነ በወረቀት የተፈቀደልዎ ጂ100ዩኤል ብቻ ነው። የእኛ ፍርድ ግን ለእነዚህ ሞተሮች 100ኤልኤል እስካለ ድረስ መጠበቅ ነው፤ በተለይ ክንፉ ራሱ ታንክ ሆኖ በማሸጊያ ለተዘጋ የቆየ አውሮፕላን። ታንክ አስፍቶ ማሸጊያውን እንደ አዲስ መሥራት ከብዙ ዓመታት የነዳጅ ልዩነት ይበልጣል። መኖሪያ ሰፈር ላይ በየቀኑ የሚያንዣብብ የትምህርት ቤት አውሮፕላን ያለው ግን ይህን ምክር እንደ መዘግየት ሰበብ እንዳይወስደው፤ የእሱ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ኦክቴን የሚበቃው ነው።

መቀየር የመረጠ ሰው ከመጀመሪያው ሙሌት በፊት የታንኩን ስፌቶች፣ የክዳኖቹን ዙሪያና የማፍሰሻዎቹን ፎቶ ያንሳ። ከ10 እና ከ25 ሰዓት በኋላ ያነጻጽር። ናሙና ሲቀዳ የማሸጊያ ፍርፋሪ ወይም የለሰለሰ ነገር ከታየ በረራ ያቁም። ክንፍ ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በውኃ ያጥብ። የድሮ የኒትራይል ጎማ ቀለበቶችን በፍሎሮሲሊኮን መቀየርም ይረዳል። ኒትራይሉ በአሮማቲክ ነዳጅ ያብጣል፤ ዝቅተኛ አሮማቲክ ሲመለስበት ይኮማተርና ይንጠባጠባል። ነዳጅ እያቀያየሩ መብረር ከአንዱ ጋር ከመቆየት የሚከፋው ለዚህ ነው።

መቀላቀልና ወረቀት

100ኤልኤል ለሁሉም ድልድይ ነው፤ ከዩኤል94ም፣ ከጂ100ዩኤልም፣ ከ100አርም ጋር ይቀላቀላል። ጂ100ዩኤልና 100አር ግን አንድ ታንክ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም። ረጅም ጉዞ ሲያቅዱ በየማረፊያው ያለውን ነዳጅ አስቀድመው ይደውሉና ይጠይቁ፤ የመጨረሻውን ሙሌት ዓይነት ካርድ ላይ ጽፈው መሪው አጠገብ ያስቀምጡ። አውሮፕላኑን የሚጋሩ ሰዎች ካሉ ይህ ካርድ ግዴታ ነው። ዩኤል94 ላልተፈቀደለት ሞተር ግማሽ ታንክ 100ኤልኤል ላይ «ትንሽ ዩኤል94» መጨመርም አይፈቀድም፤ ኦክቴኑ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል።

ኤስቲሲ መግዛት ብቻ ፈቃድ አይሆንም። ፈቃድ ያለው መካኒክ በመዝገቡ ይጽፈዋል፣ ፎርም 337 (የለውጥ ማሳወቂያ ቅጽ) ይሞላል፣ የክዳኑ ምልክት ይለጠፋል፣ የበረራ መመሪያው ተጨማሪ ገጽ ይገባል። ይህ ሳይሟላ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ የመጀመሪያ ጥያቄው ነዳጁ ነው።

ሞተሩን መቀየር፦ የጄት ነዳጅ

ከጥያቄው ሙሉ በሙሉ የሚያወጣው የጄት ነዳጅ የሚያቃጥል የናፍታ ሞተር ነው። ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ 168 የፈረስ ጉልበት ያለው ኦስትሮ ኤኢ300 ይዞ ይመጣል፤ ለሴስና 172 ደግሞ ኮንቲነንታል ሲዲ-155ን የመግጠሚያ ኤስቲሲ አለ። ለአፍሪካ ይህ ምርጫ ከእርሳሱ ጉዳይ በፊትም ትርጉም ነበረው። የአቪዬሽን ቤንዚን በብዙ ቦታ በበርሜል ተጭኖ፣ በውድ ዋጋ፣ ሲገኝ ብቻ ነው፤ የጄት ነዳጅ ግን አየር መንገድ በሚያርፍበት ሁሉ አለ።

ዋጋው ከባድ ነው። ሞተሩ ይከብዳል፣ የማርሽ ሳጥኑ የራሱ የፍተሻ ጊዜ አለው፣ ሰዓቱ ሲያልቅም ሞተሩ ብዙውን ጊዜ በአዲስ ይተካል እንጂ አይታደስም። ኤሌክትሪክ ካጣ ደግሞ ይቆማል። በ2007 ጀርመን ሽፓየር ላይ ባትሪው የሞተ ዲኤ42 በውጭ ኃይል ተነስቶ በረረ፤ ጎማዎቹ ሲታጠፉ የኤሌክትሪኩ ኃይል ወረደና የሁለቱም ሞተሮች መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተሮች እንደ አዲስ ሲነሱ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ። ባትሪው ደክሞ በውጭ ኃይል ያስነሱት የናፍታ አውሮፕላን ባትሪው ሳይሞላ ወይም ሳይቀየር አይነሳ።

በዓመት 50 ሰዓት ለሚበር ሰው ይህ ልወጣ ወጪውን አይመልስም። በዓመት 500 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚያሠራ ትምህርት ቤት፣ በተለይ የአቪዬሽን ቤንዚን በማይታመንበት አገር፣ መጀመሪያ ሊሰላ የሚገባው ግን እሱ ነው።